ወንዝ የጠጣው ዘንዶና የሩንዳዋ ወይዘሮ

ባለፈው ሰሞን የመነጽሬን ቁጥር ላስለካ ዓይን ክሊኒክ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ጎልማሳ በሁለት ልጆቹ ተደግፎ በኮሪደሩ አለፈ። አገጩን ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ የጣለውን ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው መሬት መሬቱን እያየ ነበር የሚራመደው። አጠገቤ የነበረችው ኬንያዊት፣ ምስኪን፣ አንገቱን ምን ነክቶት ይሆን አለችኝ በስዋሂሊ። አንገቱን ሳይሆን ዓይኑን ነው አልኳት። ሐኪም ነሽ እንዴ ስትለኝ ግን ፊቴ ጋለ። ይህን ካወቅሁ ስንት ዘመን አለፈ። ጸጉሬ ሸብቷል፣ ልጅ ድሬያለሁ፣ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ መናገርንም እንደ ምንም ለምጃለሁ። ሩንዳ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ያሳለፍኳት ያቺ ሐምሌ በታወሰችኝ ቁጥር ግን ዛሬም እንደዚያች ዓይናፋር ልጅ አንገቴን እሰብራለሁ።

ዘመኑ ዘጠናዎቹ ናቸው፤ ዓመቱን ብሳሳት ይቅር በሉኝ። የማልሳሳተው የለበስኩትን ነው። ከአውሮፓ በጆንያ ታስሮ ከሚመጣው፣ ሚቱምባ ከሚሉት የልብስ ክምር ውስጥ ጎንበስ ብዬ መርጬ የገዛሁት ቡናማ የሱፍ ቀሚስ ነበረኝ፤ ቁርጭምጭሚቴን ይሸፍናል። በላዩ ላይ የወንድ ይሁን የሴት የማይለይ አረንጓዴ ሹራብ እደርብ ነበር። የናይሮቢ ሐምሌ እንደ አገራችን ሐምሌ አይዘንብም፤ ያኮርፋል። ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ይነጋል፣ ግራጫ እንደሆነ ይመሻል። ከምኖርበት ከላቪንግተን እስከ መሃል ከተማ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ አሥር ሽልንግ ነበር፤ ረዳቱ ከከፋው አሥራ አምስት። የማታቱው ጎን በዘፋኞችና በኳስ ተጫዋቾች ሥዕል ያበደ፣ ሙዚቃው ከወንበር ሥር ተነሥቶ በአከርካሪ በኩል ጭንቅላት ላይ የሚወጣ። ዛሬ ሂሳቡ በስልክ ይከፈላል፤ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም፤ ለእኔ ቢጤ ገነት ነው። ያኔ ግን መውረጃዬ ሲደርስ «ሹኪሻ»፣ አውርዱኝ፣ ብሎ መጮህ ነበረብኝ፤ እሱን አፍሬ ስንት ጊዜ አልፌ ሄጄ በእግሬ ተመልሻለሁ። ከአውቶቡስ መቆሚያው ጎን መጽሐፍ ሻጮች በላስቲክ ላይ አሮጌ መጻሕፍት ይዘረጉ ነበር። ቆሜ አያለሁ፤ ዋጋ ግን አልጠይቅም። ማንዳዚ የሚሉትን የተጠበሰ ሊጥ ብቻ ገዝቼ፣ እሱንም ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እበላለሁ።

የምኖረው እትዬ ብርቄ ዘንድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው እንደመጣው እኔም ናይሮቢ ስመጣ፣ በእናቴ በኩል የሩቅ ዘመድ ናቸው ተብዬ የተላክሁት ወደ እሳቸው ነው። እትዬ ብርቄ ላቪንግተን ውስጥ የአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ከትልቁ ቤት ጀርባ ያለችው፣ ኤስ ኪው የምትባለው የሠራተኛ ቤት ሁለት ክፍል ነበራት፤ በሁለቱ ክፍል አንድ ጊዜም ከሦስት ሴት ልጅ ያነሰ አስጠልለው አያውቁም። ወረቀት የምትጠብቅ፣ ሥራ የምትፈልግ፣ ዘመድ የጠፋባት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ወፍራም፣ አጭር፣ ግዙፍ ድምፃቸው ግን ለሌላ ሰው ተሠርቶ ለእሳቸው የተሰጠ የሚመስል ሴት ነበሩ። የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪም እሳቸው ናቸው። በቤቱ ውስጥ አንድ ሥርዓት ነበር፤ ከራት በፊት እያንዳንዳችንን በተራ «ዛሬ ቃሉ ምን አለሽ» ብለው ይጠይቁናል፤ የዕለቱን ያነበብነውን እንናገራለን። ዝም ያለች እንደሆነ አይቆጡም፤ «ነገ ይልሻል» ብለው ያልፋሉ። የእኔን መልስ ሁልጊዜ ይወዱት ነበር። የተማረች አፍ እንዴት ያምራል ይሉና ወደ ሌሎቹ ዞረው ስሟት ይላሉ፤ እኔም የማየው ሳህኔን ነው።

ወይዘሮ ሶስና የእትዬ ብርቄ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። አንድ የሚሽን ትምህርት ቤት አብረው ጀምረው፣ አንዷ ወደ ማዕድ ቤት፣ አንዷ ወደ ቢሮ ሄዱ። ወይዘሮ ሶስና በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ በአስተርጓሚነት ሸብተው፣ ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነውባቸው፣ ሩንዳ ውስጥ በትልቅ ግቢ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጉባኤ መምጣት ካቆሙ ቆይተዋል፤ እትዬ ብርቄ በየሳምንቱ ስማቸውን ጠርተው ይጸልዩላቸዋል። የዚያን ሐምሌ በወይዘሮ ሶስና ቀኝ ዓይን ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ እንደ ግድግዳ ወረቀት፣ ተላቀቀ። ግራ ዓይናቸው ድሮም ከጥላ በቀር አያይም፤ የነበራቸው ያ አንዱ ነው። ሐኪሙ ቀዶ ጠግኖ፣ የተላቀቀውን ገፍታ የምትይዝ የጋዝ አረፋ ውስጡ አስገባበትና አንድ ወር ሙሉ ፊታቸውን ወደ ምድር ደፍተው እንዲተኙ አዘዘ። ሲበሉም፣ ሲራመዱም አንገት ቀና አይልም። ቀና ያሉ እንደሆነ አረፋዋ ቦታ ትለቃለች፤ ያ ስስ ነገር እንደገና ይላቀቃል፤ ሁለተኛ የሚጠግነው የለም። እትዬ ብርቄ ይህን ሲሰሙ፣ እግዚአብሔር ሶስናን አንበረከካት አሉ። እኔንም ጠርተው «ትርሲት፣ ሥራ እስክታገኚ በየቀኑ ሂጂና ቃሉን አንብቢላት» አሉኝ።

ሩንዳ ስደርስ አናጺ በአልጋቸው ራስጌ ለፊታቸው የሚሆን ክብ ቀዳዳ ቆርጦ፣ ዙሪያውን በስፖንጅ ሸፍኖታል። ወይዘሮ ሶስና ፊታቸውን በዚያ ቀዳዳ ከተው በሆዳቸው ተኝተዋል፤ የማየው ነጭ ጸጉራቸውንና የሐር ሻርፓቸውን ነው። ድምፃቸው የሚመጣው ከአልጋው ሥር ነበር፤ ከጉድጓድ እንደሚጣራ ሰው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳያየኝ ሰው ፊት ተቀመጥኩ፤ ደስ አለኝ። መዝሙረ ዳዊት ገልጬ ጀመርኩ። ሁለተኛውን ቁጥር ሳልጨርስ ከሥር ጨረሱልኝ፤ ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም።

«ልጄ፣ ይህን እኔና ብርቄ በአለንጋ ነው ያጠናነው፤ አይጠፋኝም» አሉ። «አሁን የምፈልገው መጨረሻውን የማላውቀውን ነው። ከሦስተኛው መደርደሪያ አንዱን አውጪ።»

ሦስተኛው መደርደሪያ ስለ ዘንዶና ስለ ጠንቋይ፣ ስለ ሌሎች ዓለማትና ወደ ከዋክብት ስለሚሄዱ ሰዎች በተጻፉ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ብቻ የተሞላ ነበር። ሽፋኖቹን ሳይ እጄን ሰበሰብኩ። በአንዱ ላይ ጨርቅ የተቆጠበባት ሴት ጎራዴ ይዛ እሳት በሚተፋ አውሬ ጀርባ ላይ ተቀምጣለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲህ ያለውን የልጆች ነው ብለው አስተማሪዎቻችን ይንቁት ነበር፤ በጉባኤያችን ደግሞ የሰይጣን በር ይባላል። በሁለቱም በኩል የተከለከለ ነገር ነው። ወይዘሮ ሶስና መጻሕፍቱን ለጡረታቸው ሲያጠራቅሙ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ዓይናቸው እንደከዳቸው ነገሩኝ። ሠላሳ ዓመት ስለ ድርቅና ስለ ስብሰባ እውነቱን ስተረጉም ኖሬያለሁ፤ የቀረኝን ዕድሜ በውሸት ልካስ አሉና ከአልጋው ሥር ሳቁ። እኔ አንዱን መጽሐፍ ከፍቼ በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመርኩ። ብዙም አልሄድኩም። እንግሊዝኛሽ ደህና ነው፣ ግን ጠጠር ላይ በባዶ እግሩ እንደሚሄድ ሰው ነው የምታነቢው፤ ያሳዝነኛል፤ በአማርኛ አውሪኝ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እንግሊዝኛን ያወቅሁት በዓይኔ እንጂ በአፌ አልነበረም። እንዲህ በሐፍረት ነው መተርጎም የጀመርኩት።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ለገበያ፣ ለታክሲ፣ ለፈተና የሚሆን አማርኛ አለኝ፤ ስለ ነገሥታትና ስለ በረሃ፣ ስለ ሰማይና ስለ አውሬ የምናገርበት ግን አንድ አማርኛ ብቻ ነው ያለኝ፤ እሱም የመጽሐፍ ቅዱሱ። ሳላስበው «እንዲህም ሆነ» ብዬ እጀምራለሁ፤ «እነሆ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ወደ ሩቅ ኮከብ ስለምትሄድ መርከብ ነበር፤ መንገዱ ከመርዘሙ የተነሣ የተሳፈሩት ሞተው፣ ውስጧ የተወለዱት አፈር ረግጠው የማያውቁ። መርከቢቱን የእሳት ሰረገላ አልኳት። ደግሞ ኤልያስን ከየት አመጣሽው አሉኝ ወይዘሮ ሶስና። አንዲት አሮጊት ለሕፃናቱ የዝናብን ሽታ ልትነግራቸው ስትሞክር፣ እነሱ ምን እንደሚያስለቅሳት ግራ ሲገባቸው የሚያሳየውን ሳነብ ግን አልቀለዱም። ቀጥዪ አሉ፤ በተለየ ድምፅ። ሁለተኛው መጽሐፍ ሰዎች ትዝታቸውን በጠርሙስ አድርገው የሚሸጡበት ከተማ ነው። እኔ ቤት ስሄድ የነገውን ምዕራፍ ቀድሜ እያነበብኩ ቃላት አዘጋጅ ነበር፤ ለዝግጅት ብዬ የጀመርኩት ከሁለት ቀን በኋላ ለዝግጅት አልሆነም። ወጥ አሮብኛል። መውረጃዬን አልፌ ሄጃለሁ፤ በዚህኛው አፍሬ ሳይሆን ዘንግቼ። መጽሐፉን በማታቱ ውስጥ ገልጦ መያዝ ደግሞ፣ ያ ሽፋን ያለው፣ እንዴት ይሆናል። ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጥቁር የቆዳ መያዣ፣ ዚፕ ካለው፣ መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥቼ በክብር ወይዘሮ ሶስና ጠረጴዛ ላይ አኖርኩትና ልብ ወለዱን ከተትኩበት። ልክክ አለ።

ወይዘሮ ሶስና መተኛት አይችሉም ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሲሮጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ወገባቸውን ያቃጥላቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ በሁለተኛው ቀን በክርናቸው ተደግፈው ሊነሡ ሲሉ የቤት ሠራተኛዋ ደርሳ ነው የያዘቻቸው። የሚያስተኛቸው ንባቡ ብቻ ሆነ። ተነሣሁ ማለት ሲጀምሩ «ምዕራፉ አላለቀም» እላቸዋለሁ፤ ይተኛሉ። ስሄድም ምዕራፉን መካከሉ ላይ አቋርጬ እሄዳለሁ፤ በጣም ይናደዳሉ፣ ይሰድቡኛልም፤ ግን ነገ የሚሆነውን ለመስማት ሌሊቱን ይታገሡታል። ዓይናቸው በእኔ አፍ ላይ ተንጠልጥላለች ብዬ አስብ ነበር። ማታ ደግሞ እትዬ ብርቄ አሉ። ዛሬ ቃሉ ምን አለሽ ይሉኛል። ስለተጠማች ምድር አነበብን እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ስለ መንገደኞች ነው፤ አገራቸውን ስለሚናፍቁ። ይህም ውሸት አይደለም። ልጄ ሶስናን ቃሉን እያበላቻት ነው ብለው ለጸሎት ቡድኑ ሲያወሩ ግን ነጠላዬን ወደ ፊቴ እስብ ነበር።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወንድም ታምራት የሚባል ወጣት አገልጋይ ከሌላ ከተማ መጣ። ሽቅርቅር፣ ደግ፣ እጁን የጫነባቸው በሽተኞች ተነሥተዋል የሚባልለት። እትዬ ብርቄ ቡድናቸውን ሰብስበው፣ ጾም ይዘው፣ ታምራትን አስቀድመው ሩንዳ መጡ። እኔ አላወቅሁም። ሦስተኛውን መጽሐፍ ይዘን ነበር፤ ዘንዶ ወንዛቸውን ጠጥቶ ስለጨረሰባቸው ሕዝቦችና ውኃውን ልትጠይቀው በባዶ እጇ ወደ ዋሻው ስለወጣች ንግሥት ነው። ጥቁሩ መያዣ ጭኔ ላይ ተከፍቷል። የወይዘሮ ሶስና ቀን ክፉ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ወገቤ ወገቤ ሲሉ ነበር የዋሉት። እኔ ቀና ሳልል «ንግሥቲቱም በዘንዶው ፊት በምድር ላይ ተደፍታ እንዲህ አለች፦ ጌታ ሆይ፥ ሕፃናቱ በድንጋይ ላይ ምላሳቸውን ያሳርፋሉ» እያልኩ ሳለ በሩ ላይ ጥላ በዛ። ሰባት ስምንት ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል። ወይዘሮ ሶስና በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ እኔ ጥቁር መያዣ ዘርግቼ በዚያ አማርኛ አነባለሁ። ምን መሰላቸው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ቃል በሚነበብበት ቦታ ማንም አይናገርም፣ ማንም አይቀመጥም፤ የቆየ ልማዳችን ነው። ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔ ንግግሬ ተቆረጠ።

ወንድም ታምራት ጠጋ ብሎ እጁን በወይዘሮ ሶስና ትከሻ ላይ አኖረ። እኅታችን ዛሬ ቀና ትላለች፤ የታሰረ አንገት ዛሬ ይፈታል አለ፤ በትሕትና ነው ያለው፣ ሙሉ በሙሉም ያምናል። እኔ ሐኪሙ ከልክሏል አልኩ፤ ድምፄን ግን ራሴም አልሰማሁት። ያን ጊዜ ከአልጋው ሥር የወይዘሮ ሶስና ድምፅ መጣ።

«አንሡኝ እባካችሁ። ደክሞኛል።»

እንደ ሕፃን ነበር የተናገሩት። ሁለት ሴቶች በክንዳቸው ሥር ገቡ። ትከሻቸው ከስፖንጁ መላቀቁን አየሁ። የማደርገውን የማውቅ መስዬ አላታልላችሁም፤ መጮህ አልችልም፣ ሰው መግፋት አልችልም፣ ከሚያስተዳድሩኝ ሰዎች ጋር ክርክር አልችልም። የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ምዕራፉ አላለቀም» አልኩ።

ለማን እንዳልኩት አላውቅም። ወይዘሮ ሶስና ግን ለእሳቸው መሰላቸው፤ ትከሻቸው ተመልሶ ወደቀ። ሌሎቹም ለእነሱ መሰላቸው፤ ቃል አቋርጦ ማን ይጸልያል። ወንድም ታምራት እጁን አነሣና አንገቱን ደፋ፤ እኔም አነበብኩ። ዘንዶው ለንግሥቲቱ ወንዙን ስሰጣችሁ አላመሰገናችሁኝም፣ ስወስድባችሁ ለምን ታውቁኛላችሁ አላት። ንግሥቲቱ አለቀሰች። ሴቶቹም አለቀሱ። ምዕራፉ ሲያልቅ ትንፋሽ ሳልወስድ ወደሚቀጥለው ገባሁ። እንግዶቹ ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ። ንግሥቲቱ፣ ወንዙ ይመለስ፣ በምላሹ እኔን ውሰደኝ ስትል እትዬ ብርቄ በዚያ ድምፃቸው «አሜን፣ ይመለስ» አሉ፤ የመስኮቱ መስታወት የነዘረ መሰለኝ። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። እኔ አየኋቸው። እያየኋቸው ቀጠልኩ። ያ ቅጽበት ነው እስካሁን ፊቴን የሚያግለው፤ የሌላው ሁሉ ይቅር።

ሰማዩ ሲጠቁር የሩንዳ ጥርጊያ መንገድ ለእግረኛ አይሆንም፣ ማታቱም ይጠፋል፤ ስለዚህ እንግዶቹ ተነሥተው በሩ ላይ አጭር ጸሎት አደረጉ። ወንድም ታምራት እኅቴ፣ እንዲህ ያለ ንባብ ሰምቼ አላውቅም አለኝና እጄን ጨበጠኝ። እትዬ ብርቄ ግንባሬን ሳሙኝ። ሲወጡ ወይዘሮ ሶስና አልጋው ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። እያለቀሱ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሳቅና ለቅሶው ተቀላቅሎባቸዋል። ልጄ፣ ለጥቂት አመለጥን አሉኝ።

ዓይናቸው ዳነ። ሐኪሙ ፊታቸውን አቅንተው እንዲቀመጡ የፈቀደ ቀን አጠገባቸው ነበርኩ። ዞረው አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ወደ መሬት። እንዲህ ትንሽ ነሽ እንዴ፣ በድምፅሽ ትልቅ ሴትዮ አድርጌሽ ነበር አሉኝ። ደስታዬ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም። ለእሑድ ጉባኤ መጥተው ምስክርነት እንደሚሰጡ እትዬ ብርቄ ለሁሉም አስወሩ። ጠፍታ የነበረች ልትመለስ ነው። ለዚያ ቀን እትዬ ብርቄ አዲስ ሐምራዊ ቀሚስ አሰፉ፤ እኔም ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

ጉባኤያችን የሚሰበሰበው እሑድ ከሰዓት በኋላ በኪራይ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር፤ ወንበሩ የልጆች ስለሆነ ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ይቀመጣሉ። እኔ መዘምራን ውስጥ ነኝ፤ ነጭ መጎናጸፊያ ለብሼ፣ ፊቴን ወደ ሕዝቡ አድርጌ የቆምኩ። መደበቂያ የለም። ወይዘሮ ሶስና በጥቁር መነጽር ወጡ። ዕልልታው ሲያበቃ ማይክራፎኑን ጠጋ አደረጉ።

«ምስክርነቴ አጭር ነው» አሉ። «ዓይኔን እግዚአብሔር አዳነልኝ፤ ሐኪሙም ይመስገን። አንድ ወር ፊቴን ደፍቶ ያስተኛኝ ግን ዘንዶ ነው።»

ሰው ሳቅ ይሁን ማጉረምረም ያልለየለት ድምፅ አሰማ። እሳቸው ቀጠሉ። ያች ነጭ የለበሰች ልጅ፣ ትርሲት፣ የተረት መጽሐፍ እያነበበች ነው ያቆየችኝ አሉ፤ ስለ ከዋክብት መርከብና ስለ ጠርሙስ ትዝታ አንድ ባንድ ተናገሩ፤ የመጣችሁ ቀን የሰማችሁትም እሱኑ ነው፣ አብራችሁኝ አሜን ስላላችሁ አመሰግናለሁ ብለው ጨረሱ። ክፋት አልነበረባቸውም። እንዲያውም የሚያመሰግኑኝ መስሏቸው ነው። ከኋላ አንድ ጎረምሳ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ዓይኖች ሁሉ መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ ወደ ፊተኛው ረድፍ፣ ወደዚያ ሐምራዊ ቀሚስ ዞሩ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ የተመኘሁት ለራሴ ሳይሆን ለእትዬ ብርቄ ስል ነበር።

እትዬ ብርቄ ከዚያች የልጅ ወንበር ቀስ ብለው ተነሡ።

«አሜን ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ አብረን የነበርን ሰምታችኋል። ወንዙ ይመለስ ስል በልቤ የያዝኩት የዚችን ዓይን ነው። ይኸው ተመልሷል። አሜኔን መልሼ አልወስድም።»

ተቀመጡ። መጋቢው በጥድፊያ መዝሙር አዘዘ። እኔ አፌን እከፍትና እዘጋ ነበር እንጂ ድምፅ አልወጣኝም።

ስንመለስ ማታቱው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አማርኛ የሚሰማ ግን አልነበረም። እትዬ ብርቄ ቦርሳቸውን አቅፈው መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ቆዩና ሳይዞሩ ተናገሩ። «ሰው ፊት ቆሜልሻለሁ። አሁን ሰው የለም። ያን ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለሽ፣ እትዬ፣ ካነሧት ትታወራለች ብትዪኝ፣ ያንን አገልጋይ ልጅ በኮሌታው ይዤ የማላወጣው ይመስልሻል?»

የመያዣዬን ዚፕ መክፈትና መዝጋት ጀመርኩ።

«አልነገርሽኝም። ለምን አልነገርሽኝም?»

ፈርቼ ነው ማለት ይቀለኝ ነበር፤ ሁሉም ሰው ፈሪነቴን ያውቃል፤ ያምኑኝም ነበር። ግን ፈርቼ አይደለም። ለእሳቸው መንገር የሚባል ነገር በጭራሽ በሐሳቤ አልመጣም። ሐኪም የሚያዘው፣ መጽሐፍ የሚያወራው፣ የእኔና የወይዘሮ ሶስና ነው ብዬ ነበር፤ እሳቸው የሚያበስሉ፣ የሚጸልዩ፣ የሚያለቅሱ ናቸው። ይህን አፌ አልተናገረውም። ፊቴ ሳይናገረው አልቀረም፤ ምክንያቱም እትዬ ብርቄ ዞረው አዩኝና «እንደሱ ነው» አሉ፤ እንደገና ወደ መስኮቱ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ከራት በፊት ሌሎቹን ሲጠይቁ እኔን እየዘለሉኝ አለፉ። እንዲህ ያለ ቅጣት አይቼ አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ፣ የአሠሪዎቻቸውን ምሳ አቅርበው ሲጨርሱ፣ ነጠላቸውን ለበሱና ተነሽ ሩንዳ እንሄዳለን አሉኝ። መንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገሩም። ወይዘሮ ሶስና በረንዳ ላይ ወንበር አወጡልን፤ መጽሐፉ ሐኪሙ ገና ማንበብ ስላልፈቀደላቸው እኔ ካቆምኩበት ገጽ ላይ ቆሞ ነበር። እትዬ ብርቄ ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር አኖሩና ያ ጉዳይ ምን ላይ ደረሰ አሉ።

«የትኛው?» አልኩ።

«የወንዙ። አሜን ብዬበታለሁ እኮ፤ መጨረሻውን መስማት አለብኝ። ብቻ እንደ ቃሉ አድርገሽ እንዳታነቢልኝ። እንደ ሰው ንገሪኝ።»

ገለጥኩ። ሁለቱም እያዩኝ ነው፤ የማይታይ ፊት የለም። «እንዲህም ሆነ፤ ንግሥቲቱ» አልኩ። እትዬ ብርቄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደገና ጀመርኩ።